ገነተ ልዑልን ከአባዬ ጋር

አባዬ የዓይኑ ሞራ ከተገፈፈለት ወዲህ ቤት መቀመጥ አልቻለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውን በድምፁ ብቻ ሲለይ ነው የኖረው። አሁን የጎረቤታችንን የበር ቀለም ሳይቀር ቆም ብሎ ያያል። ባለፈው ሳምንት ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ስድስት ኪሎ ውሰጂኝ» አለኝ።

«ስድስት ኪሎ ምን አለ?»

«የጃንሆይ ቤት።»

ገረመኝ። አባዬ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ1961 ዓ.ም. ነው። እድሜ ልኩን ስለዚያ ዘመን ሲያወራ «ያ ሥርዓት» ነው የሚለው። «የጃንሆይ ቤት» ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እማዬም አብራን ልትመጣ ፈልጋ ነበር፤ ጉልበቷ እምቢ አላት። በሩ ላይ ቆማ «እቴጌን ሰላም በሉልኝ» ብላ ሸኘችን። እቴጌ መነን ካረፉ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እማዬ ለምን እንደዚያ እንዳለች ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ግቢውን አውቀዋለሁ። እኔም የተማርኩት እዚያ ነው። በእኛ ጊዜ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ከሙዚየሙ በታች ነበር። ፈተና ሲደርስ ቦታ ለመያዝ በጠዋት እንሰለፍ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስገባ ስወጣ አንድም ቀን የሰው ቤት ገባሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚነበብበት ቦታ ነበር፣ በቃ። ፎቅ የወጣሁት አንዴ ብቻ ነው። ያኔም መስቀሎቹንና በገናዎቹን አይቼ ወረድኩ።

ሕንፃው ዛሬ ራስ መኮንን አዳራሽ ይባላል። ስሙ የባለቤቱ አባት ስም ነው። ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የአጼ ምኒልክ የአክስት ልጅ፣ የሐረር ገዥ፣ የአድዋ ጦር መሪ ነበሩ። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ መንገድ ላይ ታመሙና ቁልቢ ላይ አረፉ። ልጃቸው ተፈሪ ያን ጊዜ 13 ዓመቱ ነበር። እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤትም ቀደም ብለው፣ ገና ነፍስ ሳያውቅ ሞተውበታል። እናትም አባትም በልጅነቱ ያጣው ይህ ልጅ አድጎ፣ ወይዘሮ መነን አስፋውን አግብቶ፣ ስድስት ልጆች ወልዶ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ በነገሠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያሠራው ቤት ነው ገነተ ልዑል።

የልጆቹን ስም ልብ በሉት። የመጀመሪያዋ ተናኘወርቅ። የራስ መኮንን እናት ስም ነው። አንዱ ወንድ ልጅ መኮንን። የመጨረሻው ሣህለ ሥላሴ፣ በሸዋው ንጉሥ ስም። እኛም ቤት ታላቅ ወንድሜ የአያቴን ስም ነው የያዘው። ሰው የሞተበትን በልጁ ስም መልሶ ይጠራል። ንጉሥም ቢሆን ያው ነው።

ቤታቸው ውስጥ ግን ብዙ አልቆዩም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ቤቱም የግራዚያኒ ሆነ።

አባዬ ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ሥር ቆመ። የማያውቀው ሰው ግራ ይገባዋል። ደረጃው ወደየትም አይወስድም። ብቻውን ሜዳ ላይ እየዞረ ይወጣና ሰማይ ላይ ያልቃል። የሠሩት ጣልያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈውን አንድ የፋሺስት ዓመት ይወክላል። ሊቀጥሉበት ነበር ሐሳባቸው። ድል ሲመለስ አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበት። አሁንም እዚያው ነው፣ ለፋሺስቱ ዓመታት በተሠራው ደረጃ አናት ላይ።

አባዬ አንገቱን ቀና አድርጎ ረጅም ሰዓት አየው። «ያን ጊዜ ከሥሩ ተቀምጠን ሲጋራ እናጨስ ነበር» አለ። «አንበሳውን እንዲህ አጥርቼ አይቼው አላውቅም።»

የካቲት 12 የሆነውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኔ ግን ቦታው ላይ ቆሜ ሳስበው ይለይብኛል። ዓመቱ 1929 ነው። የጣልያን አልጋ ወራሽ ልጅ ተወለደለት ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ነበር። ዓይነ ስውሩ፣ አካል ጉዳተኛው፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ተሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ኤርትራውያን ወጣቶች ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ። ወታደሮቹ ጥይቱን ያዘነቡት ግን ለምጽዋት በመጣው ሕዝብ ላይ ነው። ሦስት ቀን ከተማው ተጨፈጨፈ፣ ቤቶች ከነሰው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። አደባባዩ መሐል ያለው ሐውልት የእነሱ መታሰቢያ ነው። በታክሲ ስናልፍ «ስድስት ኪሎ ወራጅ» እንላለን። ምጽዋት ሊቀበሉ ወጥተው ያልተመለሱት እናቶች ግን ከሐውልቱ ጥቂት እርምጃ አልፎ፣ ከአጥሩ ውስጥ ነው የወደቁት።

ፎቅ ወጣን። አስጎብኚያችን ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ቀስ ይበሉ» ስትለው አባዬ «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ አሁንማ አያለሁ» አላት።

ሙዚየሙ የሰውን ልጅ ሕይወት ተከትሎ የተደራጀ ነው። ልደት፣ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ ሥራ፣ እያለ እስከ ሞት ይሄዳል። ከመላው ሀገሪቱ የተሰበሰበ ዕቃ ነው። አሪፍ ነው፤ ሌላ ቀን ራሱን አስችዬ እጽፍበታለሁ። የዚያን ቀን ግን የመጣነው ለሌላ ነበርና ፈጠን ብለን አለፍነው።

ከዚያ ጃንሆይ የሚኖሩባቸው ክፍሎች መጡ። አልጋው፣ የመታጠቢያ ክፍሉ፣ የልብስ መቀየሪያው። የጠበቅኩት ወርቅ በወርቅ የሆነ ነገር ነበር። ያየሁት የሰው መኝታ ነው። አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን የሚታጠብበት፣ ካባውን የሚደርብበት፣ ማታ ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ።

መስታወቱ ላይ ቀዳዳ አለ።

የጥይት ቀዳዳ ነው። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የተመታ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ትንሽ ነው፣ ጣቴን ባስገባው የሚሞላው ይመስለኛል። አስጎብኚዋ ነገሩን ስትነግረን አባዬ አልሰማትም። መስታወቱ ፊት ቆሞ ራሱን እያየ ነበር። ከሞራው በኋላ መስታወት ማየት ይወዳል። የዚያን ቀን ግን ፊቱን አይደለም የሚያየው። ቀዳዳውን ነው።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ማታ ንጉሡ ብራዚል ነበሩ። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ሥልጣን ለመያዝ ተነሱ። ባለሥልጣናቱን የጠሯቸው «እቴጌ በጠና ታመዋል» ብለው ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። የታመመ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ማታ ካባቸውን ደርበው፣ ደንግጠው። ሲደርሱ ተያዙ። እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ ታጎሩ። በሦስተኛው ቀን ጦር ሠራዊቱ ግቢውን ሲያጠቃ፣ መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎቹ ከመሸሻቸው በፊት ተኩስ ከፈቱባቸው። 15 ሰው ሞተ።

ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ጣልያን አምስት ዓመት በሸዋ ተራራ ሲያሳድዳቸው ያላገኛቸው አርበኛ። ግራዚያኒ ተቀምጦበት በነበረው ቤት ውስጥ በወገን ጥይት ወደቁ። የአጼ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻም እዚያው ሞቱ። የሀገር ፍቅር ማኅበርን የመሩት መኮንን ሀብተ ወልድም እንዲሁ። ጄኔራል መንግሥቱ ኋላ ተይዘው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ተሰቀሉ።

አባዬ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። ጉለሌ ነበር የሚኖሩት። «እናቴ የጥጥ ፍራሽ በላያችን ጭና አስተኛችን» አለኝ። «ተኩሱ ሲበረታ ዳዊት ትደግም ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። እኛ እንዳንሰማው ብላ።» ይህን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አያቴ ሳልወለድ ነው የሞተችው። ከእሷ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለን። አሁን ድምፅም አላት።

ጃንሆይ ታኅሣሥ 8 ተመለሱ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954፣ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ።

ብዙ ሰው «ደም ስለፈሰሰበት ጠሉት» ይላል። ሊሆን ይችላል። ደም የፈሰሰበትን ቤት ግን ዘግቶ መተው ይቻል ነበር፣ አፍርሶ ሌላ መሥራትም ይቻል ነበር። እሳቸው ግን ለተማሪ ሰጡት። ቤት ሲሰጡም የመጀመሪያቸው አልነበረም። በስደት ጊዜ እንግሊዝ ሀገር ባዝ ከተማ የገዙትን ፌርፊልድ የሚባል ቤት፣ አረጋውያን እንዲጦሩበት ለከተማው ሰጥተዋል። ይህ ሰው ለቤት ያለው ስሜት ምን እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚለቀው ሰው ነበር።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። ቤቱ በታኅሣሥ ተሰጠ። በየካቲት እቴጌ መነን አረፉ። በሚያዝያ የመጨረሻው ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ሞተ። ሁሉም በዚያው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በወጣትነቷ ሄዳለች። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝ ሀገር ነርስነት ተምራ ተመልሳ፣ በ1934 ነቀምት ላይ በወሊድ ሞተች። አባት በጣም ይወዱት ነበር የሚባለው ልዑል መኮንን በግንቦት 1949 በመኪና አደጋ አለፈ። ከስድስቱ ልጆች አራቱን አባት ቀበሩ። ዛሬ «ዘነበወርቅ ወራጅ» ስንል፣ ጦር ኃይሎች ሆስፒታልን ሽማግሌዎች «ፀሐይ» ብለው ሲጠሩት፣ የእነዚህን ልጆች ስም ነው የምንጠራው። ከተማችን የአንድ ቤት ሐዘን በየሰፈሩ ተጽፎባታል።

አንድ ነገር ልለምን። ያንን መስታወት ማንም እንዳይቀይረው። ዕድሳት ሲመጣ አዲስ ነገር ማብዛት እንወዳለን። ቀለም እንቀባለን፣ ሴራሚክ እንለጥፋለን፣ አሮጌውን አውጥተን እንጥላለን። ጣልያን ደረጃውን ሲተው አላፈረስነውም፤ ጥይቱ መስታወቱን ሲበሳው አልጣልነውም። ይህን ያደረጉ ሰዎችን ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ዕቃ ጠባቂዎች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ ቁልፍ ያዦች ናቸው። በሦስት መንግሥት ያንን መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ ያቆዩልን እነሱ ናቸው። እጃቸውን ብስም ደስ ይለኛል።

አባዬ መስኮቱ ጋ ሄደ። ወደ ታች ግቢውን እያየ «እዚያ ነበርን» አለ።

ታኅሣሥ 1962 ማለቱ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ማታ በጥይት ተመቶ ሞተ። በማግስቱ ተማሪው አስከሬኑን ግቢ ውስጥ ይዞ እያለቀሰ ሳለ ወታደር ገባ። ተኩስ ተከፈተ፣ ተማሪዎች ሞቱ። አባዬ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። አንድ ጓደኛው በአጥሩ ላይ ስቦ አወጣው። ቀኝ መዳፉ ላይ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው የሚደርስ ጠባሳ አለው። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየተከተልኩ «ምን ነካህ?» ስለው «ሽቦ ነው» ይለኝ ነበር። የትኛው ሽቦ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። መስኮቱ ጋ ቆመን መዳፉን ከፍቶ አሳየኝ። ከዚያ በዚያው እጁ ወደ አጥሩ አመለከተ።

«ቤታቸውን ሰጡን» አለ። «እኛ ደግሞ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠን መሬት ላራሹ አልን። ልክ ነበርን። ዛሬም ልክ ነበርን እላለሁ። ግን እዚህ ፎቅ አንድም ቀን አልወጣሁም። የሰው አልጋ እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር።»

መልስ አልሰጠሁትም። አስጎብኚዋም ዝም አለች። ልጅቷ ደግ ናት፤ አላቻኮለችንም።

የእቴጌ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው ያየነው። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ብቻ ነው እንደዚያ የሚያደርገው። አልጋቸውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ጥቂት ቆመና «መነን ትምህርት ቤት የሚታይ ይመስልሻል ከዚህ?» አለኝ።

አሁን የእማዬን ነገር ልንገራችሁ። እቴጌ መነን ከጠላት ወረራ በፊት የሴቶች ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። እዚሁ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ደርግ ሲመጣ ስሙ የካቲት 12 ሆነ። ሴት ልጅ ማስተማር እንደ ጉድ በሚታይበት ዘመን ነው ያቋቋሙት። እማዬ እዚያ ነው የተማረችው። አያቴ እናቷ ፊደል አልቆጠረችም። እማዬ ግን መነን ገባች፣ ከዚያ አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጣች። እኛን አራታችንንም ፊደል ያስቆጠረችን እሷ ናት። ለእማዬ እቴጌ ፖለቲካ አይደሉም። አባዬ «ያ ሥርዓት» ሲል እማዬ ሁልጊዜ «እቴጌን ተዋቸው» ትለዋለች። በቤታችን ሃምሳ ዓመት የቆየ ክርክር ነው።

ስንወጣ ታክሲ ልጥራ ስል እምቢ አለ። በእግር እንሂድ አለኝ። ቀስ እያልን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። የምሳ ሰዓት ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በሩ ላይ ቆሎና ማስቲካ ከሚሸጡት ጋር ይከራከራሉ። አባዬ ከመንገዱ ማዶ ቆመና «እዚህ ነበር የምጠብቃት» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ። ከግቢያችን ሮጬ ነበር የምመጣው።»

ስልኩን አውጥቶ ራሱ ደወለ። ቁጥሩን አሁን ራሱ አይቶ ነው የሚነካው። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው፣ ጆሮው ትንሽ ይከብደዋልና።

«የት ናችሁ?» አለች እማዬ።

«መነን በር ላይ።»

ዝም አለች። ከዚያ፦ «ሰላም አላችሁልኝ?»

«አዎ» አለ አባዬ። «ባርኔጣዬን አውልቄ።»